ረቡዕ ቀን ጀውሃ ላይ የበላሁት ዶሮ

ቼንቻ ጉሙ ውስጥ እሳት ከባችሁ «ያ ልጅ አሁን ደግሞ የት ተላከ?» እያላችሁ ለምትጠይቁ ሁሉ ይህን ጽፌያለሁ። አብዛኞቻችሁ ሸዋ ሮቢትን በዓይናችሁ እንደማታዩት አውቃለሁ። እኔም ብሆን እስካለፈው ጥር ድረስ የማውቀው ስሙን ብቻ ነበር፤ እሱንም ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ረዳቶቹ «ሮቢት! ሮቢት! የሞላ!» እያሉ ሲጣሩ ሰምቼ ነው። መኪናው ባዶ ቢሆንም «የሞላ» ነው የሚሉት።

እንደምታውቁት ደብረ ብርሃን በወንጌላዊነት ማገልገል ከጀመርኩ ቆየሁ። ብርዱ የእኛን አገር ስለሚመስል አልከበደኝም ነበር። ጥምቀት እንዳለፈ ሽማግሌዎቻችን ጠርተውኝ፣ ሸዋ ሮቢት ያሉ ጥቂት ወገኖች አገልጋይ እንደሚያስፈልጋቸው ነገሩኝ። ከወላይታና ከከምባታ መጥተው በሽንኩርት ማሳ ላይ በቀን ሥራ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። በግርግሩ ዘመን የቀደመው አገልጋያቸው ከሄደ ወዲህ የተላከላቸው የለም። «ሂድና በዚህ ሳምንት የምትኖርበት ቤት ፈልግ» አሉኝ። «ካገኘህ ዕቃህን ይዘህ ትገባለህ። ካላገኘህ ግን ሜዳ ላይ አንጥልህም፤ ሌላ ቦታ እንመድብሃለን። እነሱም ትንሽ ይጠብቁ።»

«ይጠብቁ» የምትለዋ ቃል ሆዴ ውስጥ ቀረች። ስንት ጊዜ ነው ሰው የሚጠብቀው?

ሰኞ

ከደብረ ብርሃን ስነሳ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ፣ በላዩ ጃኬት፣ ከሁሉም በላይ አባቴ የሸመነልኝን ቡልኮ ተከናነብኩ። ሚኒባስ ውስጥ ከአጠገቤ የተቀመጠችው የሽንኩርት ነጋዴ ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ወንድሜ፣ የት ነው የምትወርደው?»

«ሮቢት።»

«ይህን ለብሰህ? ራስህን ልትቀቅል ነው?»

ጣርማ በር ዋሻ ውስጥ ገብተን ስንወጣ ምድሩ ከእግራችን ሥር ጠፋ። እኛ ቼንቻ ላይ ቆመን አርባ ምንጭን ቁልቁል እንደምናያት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ሐይቅ የለም፣ ከታች ያለው ሰማያዊ ነገር ሙቀት ነው። ደብረ ሲና ላይ ሴቶች ቆሎ እየሰፈሩ በመስኮት አቀበሉን፤ በእኛ መንገድ ፖም እንደሚቀርበው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በየመታጠፊያው አንድ አንድ ልብስ ማውለቅ ጀመርኩ። ሁለተኛውን ሹራብ በራሴ ላይ ስጎትት በክርኔ የነጋዴዋን ቆሎ መታሁትና ጉልበቷ ላይ፣ ወንበሩ ላይ፣ የፊተኛው ሰውዬ አንገት ውስጥ ሳይቀር በተንኩት። ይቅርታ ስል ሥራዬን ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት።

«እንግዲያው ዘሪው ሊዘራ ወጣ በላ!» አለችና መኪናው ሙሉ ሳቀብኝ። የቀረውን ቆሎ ግን ለሁለት ከፍላ አብልታኛለች። ሮቢት ስንደርስ በሸሚዝ ብቻ ቀርቼ፣ ቡልኮው ጭኔ ላይ እንደታመመ በግ ተኝቶ ነበር።

መናኸሪያው በር ላይ አለሚቱ ጠበቀችኝ። የወላይታ ሴት ናት፤ እሷና ባሏ ዳና ሽንኩርት በመልቀምና በመለየት ነው የሚኖሩት፤ የእነዚያ ጥቂት ወገኖች እናት እሷ ናት ማለት ይቻላል። ሻንጣዬን ከእጄ ቀማችኝና «አንተ ላብህን ጥረግ» አለችኝ። በተከራዩዋት አንዲት ክፍል ውስጥ የበቆሎ ቂጣ በጎመን አቀረበችልኝ፤ ጎኑ ላይ ከአገር ቤት የተላከላት ዳጣ ነበረበት። አንድ ጊዜ አጥቅሼ ዓይኔ እንባ ሞላ። «አቃጠለህ?» ስትለኝ «አዎ» አልኳት፤ እውነቱ ግን እናቴ ትዝ ብላኝ ነው። የተኛነው ውጭ ደጅ ላይ፣ አጎበር ሥር ነው። ቼንቻ ውስጥ በጥር ደጅ ያደረ ሰው ጠዋት ለቅሶው ይነገራል፤ እዚህ ግን እውስጥ የሚተኛ ነው የሚታዘንለት።

ማክሰኞ

ከአለሚቱ ጋር ቤት ፍለጋ ዞርን። ክፍል ሞልቷል። ነገር ግን ሁሉም በር ላይ ያው ጥያቄ ነው፦ «የማን ሰው ነህ?» መታወቂያ ባሳይ፣ የድጋፍ ደብዳቤ ባወጣ፣ ጥያቄው አይለወጥም። ያ ሁሉ መከራ ካለፈባቸው ወዲህ የማያውቁትን ሰው ግቢያቸው ማስገባት ይፈራሉ። አልፈርድባቸውም። ግን ፀሐዩ እየከረረ፣ በሩ እየተዘጋ ሲሄድ «ይጠብቁ» የሚለው ቃል እየመጣ ይታወሰኝ ጀመር።

በመጨረሻ እትዬ ዘነበች ግቢ ደረስን። ባላቸው የሞተባቸው ሴት ናቸው፤ አንገታቸው ላይ ማተብ፣ ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ማሾ ይለቅማሉ። ማሾ ምንድን ነው ካላችሁ፣ አተር የምታክል አረንጓዴ እህል ናት፤ የዚህ ቆላ ሰው ይወዳታል። ከጓሮ ያለችው ክፍል የጭቃ ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ናት፤ በሯ ግን በቀጥታ ወደ ማንጎው ጥላ ይከፈታል። ሳያት ወደድኳት።

«ጴንጤ ነህ አሉ?» አሉኝ እትዬ ዘነበች፣ ከማሾው ቀና ሳይሉ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«ጊታርና ጩኸት ግቢዬ አይገባም።»

«አይገባም።»

«እኔን ላሳምን ብለህም እንዳትደክም። ከሚካኤል ጋር አብሬ ያረጀሁ ሰው ነኝ።»

«እኔ የምፈልገው ቤት ነው፣ እትዬ።»

«ጎሽ! የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው ደስ ይለኛል» አሉና ሳቁ። «በል እንግዲህ፣ የአገሩ ሰው የሆነ ዋስ አምጣና ቁልፉን ውሰድ። አለሚቱን እወዳታለሁ፤ ግን እሷም እንዳንተው ተከራይ ናት።»

መንገድ ላይ አለሚቱ ጭንቅላቷን ይዛ አሰበች። ያገሩ ሰው፣ ቤት ያለው፣ እትዬ ዘነበች የሚያምኑት። «ሐጂ ሰይድ!» አለች በመጨረሻ። ጀውሃ አጠገብ ማሳቸው ላይ እሷና ጓደኞቿ የሚሠሩላቸው ገበሬ ናቸው። የእትዬ ዘነበች ባል በሕይወት ሳለ ማሳቸው ጎን ለጎን ነበር፤ ሲሞትም ሐጂው ከቀብሩ አልተለዩም አሉ።

ረቡዕ

ጀውሃ ለመኪና ሰው ምግብ ቤትና የከባድ መኪና ማቆሚያ ናት። ከአስፋልቱ ትንሽ ወጣ ሲሉ ግን ሽንኩርትና ማሾ፣ በመካከሉ የሚሮጥ ውሃ ነው። እንደኛ አገር ዝናብ ራሱ እየመጣ አያጠጣም፤ ውሃው ተራ አለው፣ ተራው የደረሰ ሰው ከቦዩ አይለይም። ያን ቀን ተራው የሐጂ ሰይድ ነበር። ሱሪያቸውን ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ቆመዋል። እጃቸው ስለጨቀየ ክንዳቸውን ዘርግተው ሰላም አሉኝ።

«አለሚቱ ናት የላከችህ? እንግዲያው ቤተሰብ ነህ» አሉኝ። የመጣሁበትን ስነግራቸው ጥቂት አሰቡና «ዋስ ለመሆን ሰውን ማየት ያስፈልጋል፤ ሰው ደግሞ ሲበላ ነው የሚታየው። ና፣ ምሳ እንብላ» አሉ። የሚጠጣውን ማሳ ለሠራተኞቹ አደራ ብለው ወደ ቤት ይዘውኝ ገቡ። የቦዩን ተራ የሚጠባበቁ ሽማግሌዎችም አብረውን ገቡ።

ጓዳው በር አጠገብ ድስቶች ተሰቅለዋል። አንደኛው ለብቻው ነው፤ እጀታው ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ሐጂ ሰይድ ሳየው አዩኝና «እሱ የእናንተ ነው» አሉኝ። «ክርስቲያን እንግዳ ሲመጣ ጎረቤቴ ገብሬ ዶሮውን ይባርካል፣ በዚያ ድስት ይሠራል። የእኛ ሥጋ ገብቶበት አያውቅም። ዛሬ ግን ረቡዕ ነው፤ ትጾማላችሁ። ማሾ ወጥ ይሠራልሃል። ለዶሮው ሌላ ቀን ትመጣለህ።»

እዚህ ላይ ነው ሞኝነቴ። በእኛ ቀበሌ ሙስሊም ጎረቤት ስላልነበረን በዚህ ወግ አላደግኩም። የመሰለኝ፣ እኔን ከማዕዳቸው የሚለየኝን አጥር በአንድ ቃል ማፍረስ የምችል ነው። ፍቅር ማሳየቴ ነበር።

«ሐጂ፣ እኛ ረቡዕን አንጾምም፤ ሥጋም አንለይም» አልኩ ኮራ ብዬ። «እርስዎ ያረዱትን እበላለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ልጄ፣ ቢቀርብህስ?» አሉኝ ሐጂ ሰይድ በቀስታ።

«የለም፣ ደስ ብሎኝ እበላለሁ!»

እንግዳ ይህን ካለ በኋላ እምቢ ማለት ነውር ነው። ዶሮው ታረደ፣ ቀይ ክር በሌለው ድስት ተሠራ። ከመብላታችን በፊት እንደ ልማዴ ዓይኔን ጨፍኜ ጸለይኩ፤ ሁሉም በትዕግሥት ጠበቁኝ። ከዚያ በላሁ ነው የምላችሁ! እግሩን እስከ አጥንቱ ግጬ ተጨማሪ መረቅ ጠየቅኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ማሻአላህ» እያሉ ትከሻዬን ይጨብጡ ነበር። ወጡን ስላደነቅኩ መሰለኝ። የሐጂ ሰይድ ፊት ብቻ እንደ መጀመሪያው አልነበረም። ሲሸኙኝ «ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሮቢት እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ» አሉኝ። እየዘመርኩ ተመለስኩ።

ሐሙስ

ዓርብን እስክጠብቅ ዝም ብዬ ላለመቀመጥ አጣዬ ያለ አንድ ቤተሰብ ልጠይቅ ሄድኩ። ባልየው ልብስ ሰፊ ነው። አጣዬ እንዴት እንደተቃጠለች ሰምታችኋል። አዲስ ቆርቆሮ ከጠቆረ ግድግዳ ጎን ያበራል፤ አውቶቡሱ ይጮኻል፣ ገበያው ይጮኻል። ልብስ ሰፊው ቤቱን መልሶ ሲሠራ መጀመሪያ ያቆመው ከጎረቤቱ ጋር የሚጋራውን ግድግዳ ነው። «እሱ ከቆመ ሁለታችንም ግማሽ ቤት አለን ማለት ነው» አለኝ።

ከሚኒባስ ስወርድ ሱሪዬን ብረት ይዞ ቀዶት ነበር። ልብስ ሰፊው አይቶ አውልቄ እንድሰጠው እጁን ዘረጋ። ስለዚህ የአጣዬን ምሳ የበላሁት የሚስቱን ነጠላ አገልድሜ ነው። ይህን ለእናቴ አትንገሯት።

ስመለስ መኪና ውስጥ አንድ አባት ከኋላ ወንበር ተነስተው መጥተው ትከሻዬን ሳሙኝ። «እንኳን ደስ አለህ፣ ልጄ!»

የቤቱን ነገር ሰምተው መሰለኝ። «አብሮ ደስ ይበለን፣ አባቴ! ዓርብ ነው የሚያልቀው።»

«አልሐምዱሊላህ። ስምህንስ ማን አሉህ?»

«ታደለ።»

«እሱ የድሮው ነው። አዲሱን ነው የጠየቅኩህ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የበላሁት ዶሮ ከእኔ ቀድሞ ሮቢት ገብቷል። በዚህ አገር ክርስቲያን በሙስሊም የታረደ በላ ማለት ሰለመ ማለት ነው፤ ያውም በረቡዕ፣ ያውም ሰባኪ። ሰውየውን ሳላስቀይም ነገሩን ለማስረዳት ሞከርኩ፤ እኚህ ደግ አባት ግን አፍሬ መስሏቸው «አይዞህ፣ ቀስ ብለህ ትለምደዋለህ» አሉኝ።

አለሚቱ መናኸሪያ ቆማ ነበር፤ ፊቷ ተቀይሯል። «ምን አደረግክ፣ ታደለ?» አለችኝ። «ሥጋ ነው እኮ የበላሁት፣ እህቴ። እኛ ሥጋ እንደማንለይ አንቺም ታውቂያለሽ።» «እኔ አውቃለሁ። እነሱ ግን አያውቁም። እኛ እዚህ የኖርነው ሁሉን እየበላን አይደለም፤ ማን ምን እንደማይበላ እያወቅን ነው። አብረውኝ የሚሠሩት ልጆች ማሳ ላይ ‹አገልጋያችሁ ሰለመ› ሲባሉ ነው የዋሉት።»

እትዬ ዘነበች ማንጎው ሥር ናቸው። በደጃቸው ቆሜ ሁሉንም አስረዳሁ። አዳመጡኝ።

«መስለምህ አይደለም የከፋኝ፣ ልጄ» አሉ። «ከእስላም ጋር ስኖር ነው ዕድሜዬ ያለቀው፤ እንደ ሰይድ ያለ ወንድም ከወዴት አገኛለሁ? ግን ሃይማኖቱን በአንድ ምሳ የለወጠ ሰው፣ ነገ በቃሉ ይቆማል ብዬ በምን ልመነው?»

ያን ምሽት ለአለሚቱና ለባሏ ወደ ደብረ ብርሃን እንደምመለስ ነገርኳቸው። አለሚቱ «ሰይድ ዓርብ እመጣለሁ ካሉ ይመጣሉ። እስከዚያ ሻንጣህን አታንሳ» ብላ ሻንጣውን ከአልጋቸው ሥር ገፋችው።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ አንድ ባጃጅ እትዬ ዘነበች በር ላይ ቆመ። ሐጂ ሰይድ ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው፣ በእጃቸው ቀይ አውራ ዶሮ እግሩን ታስሮ ይዘው ወረዱ። እኔና አለሚቱ እበሩ ላይ እየጠበቅናቸው ነበር።

«ዘነቡ፣ እንደምን ዋልሽ?»

«እግዜር ይመስገን። ምን ይዘህ መጣህ?»

«እዳዬን። ይህ ልጅ በቤቴ ያልሆነውን ሆነ ተብሏል። ለማስተካከል ነው የመጣሁ።»

«በላ አሉኝ እኮ።»

«በላ! ወላሂ እንዲህ የሚበላ ሰው አይቼ አላውቅም።» እትዬ ዘነበች ሳቅ ሊያመልጣቸው ሲል አፋቸውን በነጠላ ያዙ። ሐጂው ግን ፊታቸው አልተፈታም። «ስሚኝ። ሰው የሚሰልመው ሸሃዳ ብሎ ነው፣ የዶሮ እግር ስለጋጠ አይደለም። ይህ ልጅ ደግሞ ከመብላቱ በፊት ዓይኑን ጨፍኖ በኢየሱስ ስም ሲጸልይ ወጡ እስኪቀዘቅዝ ድረስ አስጠብቆናል። ስለቤቱ፣ ስለእኔ፣ ስለሚስቴ፣ ስለውሃው ሁሉ ጸለየ። የሚሰልም ሰው እንዲህ ይጸልያል? ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አላዋቂ እንግዳ ሲለምነኝ መከልከል ነበረብኝ። ማክሰኞ ዋስ አምጣ ብለሽዋል አይደል? ዋሱ እኔ ነኝ።»

«ለምኑ? ለኪራዩ?»

«ለክርስቲያንነቱ።»

በዚህ ጊዜ እትዬ ዘነበች ሳቁ፤ ሳቃቸው እንባ አመጣባቸው፤ እንባውን ሲጠርጉ ደግሞ የእውነት እያለቀሱ መሰለኝ። እኔም ራሴን መያዝ አልቻልኩም። ስለ እምነቴ ልመሰክር ወደዚህ አገር መጥቼ፣ ስለ እምነቴ የመሰከሩልኝ ሐጂ ሰይድ ናቸው። ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ልስም ስል በክንዳቸው ያዙኝ።

«ይህ ዶሮስ?» አሉ እትዬ ዘነበች።

«ለልጁ ነው። በእናንተ ወግ ባርካችሁ አብሉት፣ አገር ይይ።»

«ሰይድ፣ ዛሬ እኮ ዓርብ ነው!»

ሐጂው ግንባራቸውን መቱ። «የእኔና የዚህ ልጅ ቀን አይገጥምም!»

ዶሮው ማንጎው ሥር ታሰረ። እትዬ ዘነበች ሽሮና ማሾ አቀረቡ፤ በአንድ ማዕድ እሳቸው፣ ሐጂው፣ አለሚቱ፣ ዳናና እኔ ተቀመጥን። ሥጋ ስለሌለበት ማንም ከማንም አልተለየም። ረቡዕ ዕለት እኔ በጉልበት ላገኘው የፈለግኩት ማዕድ ይህ ነበር፤ ለካስ ቀኑን ከጠበቁለት ራሱ ይመጣል። እኔ «ልዩነት የለውም» ማለትን ፍቅር አድርጌው ነበር። እነሱ ዘንድ ግን ፍቅር ማለት የሌላውን ነገር ለይቶ ማስቀመጥ፣ ቀይ ክር አስሮ መጠበቅ ነው። ይህን ሳስብ አፈርኩ፤ ግን ደስ ብሎኝ ነበር የማፍረው።

ቅዳሜ

ቁልፉን እትዬ ዘነበች ራሳቸው መዳፌ ላይ አኖሩት። «ከእንግዲህ ሥጋ ከመብላትህ በፊት እኔን ጠይቅ» አሉኝ። ቡልኮዬን ክፍሏ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቀልኩት።

«ይህን እዚህ ሙቀት ውስጥ ለምን ትተወዋለህ?»

«እንደምመለስ እንዲያምኑ ነው፣ እትዬ።»

«ዋስህ ሰይድ ነው፤ ብርድ ልብስህን ምን አደርገዋለሁ?» አሉ፤ ግን አላወረዱትም። አለሚቱ መናኸሪያ ድረስ ሸኘችኝ። ጓደኞቿም ከማሳ ወጥተው መጡ። «መቼ ነው?» አለኝ አንዱ። «በሚመጣው ሳምንት» አልኩት፤ ደስ ብሎት ሳቀ።

አሁን ደብረ ብርሃን ሆኜ ዕቃዬን እየሸከፍኩ ነው የምጽፍላችሁ። ሽማግሌዎቻችን «ዋስ ማን ሆነልህ?» ብለው ሲጠይቁኝ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጥቂት ሳቁ፣ ከዚያ ረጅም ጸሎት ለሐጂ ሰይድ ጸለዩ፤ የእኔን የረቡዕ ጸሎት ያስንቃል። ዕቃዬ ብዙ አይደለም፤ መጽሐፍ፣ ልብስ፣ አልጋ ልብስ። ከሁሉ በፊት የጠቀለልኩት ግን ትናንት ከገበያ የገዛሁትን አዲስ ድስት ነው። እኔ አላበስልበትም። ሐጂ ሰይድ ሊጠይቁኝ ሲመጡ፣ የእሳቸው ሰው ቢስሚላህ ብሎ ያረደው ይሠራበታል። እጀታው ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ።